ታክሲው የሚያድርበት ግቢ

ወንድሜ ‹‹ታክሲ ልገዛ ነው›› ብሎ የምሥራች ይዞ የመጣ ዕለት እናቴ እልል ልትል አፏን ስትከፍት እኔ ‹‹ሰውዬው ለምን ይሸጠዋል?›› አልኩ። እልልታው እዚያው ቀረ። ወንድሜ መሪ እንደያዘ ሰው ባዶ እጁን እያዞረ ነበር የገባው። እጁን አወረደና ‹‹አቦ፣ አንቺ ደግሞ! ሰው ሲሸጥ ምክንያቱን ለሚስቱም አይናገርም›› አለኝ።

‹‹የሚሸጥ ነገር ሁሉ ምክንያት አለው። ምክንያቱን የደበቀ ሻጭ ደግሞ ሁለት ምክንያት አለው›› አልኩት። ይህን ከማንም አልሰማሁትም፤ ራሴ የፈጠርኩት ነው። ጠርጥር፣ ከገንፎም አይጠፋም ስንጥር የሚለውማ የልጅነት ትምህርቴ ነው።

በደርግ ጊዜ ድሬዳዋ ውስጥ መጠርጠር የእኔ ብቻ ጠባይ አልነበረም። ስኳር ከኅብረት ሱቅ ስንወስድ እንኳ ‹ለእነሱ ከየት ተጨመረላቸው?› የሚል አይጠፋም ብለን ዘንቢሉን በነጠላ እንሸፍን ነበር። ግድግዳም ጆሮ አለው ይባላል፤ የእኛ ግድግዳ ደግሞ ቆርቆሮ ነበር። ያልጠረጠረ ተመነጠረ የሚለውን ተረት በዚያ ዘመን እየሳቀ የሚተርት ሰው አላየሁም።

እኔ የማምነው ወረቀት ብቻ ነበር። ለዚህም ምክንያት ነበረኝ። ተማሪ ሳለሁ ልጆች በሚታፈሱበት ሰሞን እኔም ታፍሼ ቀበሌ ታስሬያለሁ። እስር ቤቱ ድሮ የነጋዴ መጋዘን ስለነበር ሌሊቱን ሙሉ ሽንኩርት ሽንኩርት ይሸተን ነበር። አንድ ምሽት ስሜ ተጠርቶ ወጣሁ፤ ‹‹ተመርምራ ምንም ያልተገኘባት›› የሚል ማኅተም ያለበት ወረቀትም ተሰጠኝ። አጠገቤ ይተኙ የነበሩ ሁለት ልጆች ግን ከዚያ አልወጡም። ስለ እነሱ ማሰብ ይከብደኝ ነበርና፣ አንድ ነገር ተገኝቶባቸው ይሆናል ብዬ ራሴን አሳመንኩ። ያቺን ወረቀት በላስቲክ ጠቅልዬ አስቀመጥኳት። ሥራ ስጠይቅ አሳየኋት፣ ታይፒስት ሆኜ ስቀጠርም አሳየኋት፤ ቤት ለመጣ እንግዳም ቢሆን ወሬው ወደዚያ ካዘነበለ አወጣት ነበር።

አባታችን የባቡር ጋራዥ ሠራተኛ ነበር። ሲሞት ለእናቴ የተረፋት ትንሽ ጡረታና የሠርጓ ወርቅ ነው፤ አምባርና ሐብል። ወርቁን እሷው ከአልጋዋ ሥር ባለ ሳጥን ውስጥ ቆልፋ፣ ቁልፉን ከማተቧ ጋር አንገቷ ላይ አስራ ትኖራለች። ወንድሜ የሰው ታክሲ ሲነዳ ዘመኑን ፈጀ። ማታ ማታ ገቢውን ለባለቤቱ አስረክቦ ሲመጣ ኪሱን ገልብጦ ያሳየናል፤ አቧራ ብቻ ነው። እናቴ ‹‹የራስህ መኪና የተገኘ ዕለት ወርቄን እሸጥልሃለሁ›› ብላ ቃል ገብታለታለች። ስለዚህ ያ ታክሲ ለእኛ ቤት ታክሲ ብቻ አልነበረም። የተበላሸ ነገር ገዝተን ወርቁ ከጠፋ የሚቀረን አልጋው ነው።

ሻጩ ጎረቤታችን ነው፣ ሽማግሌ ሾፌር፣ የመልካ ጀብዱ ሰው። ‹‹ዓይኔ እምቢ አለኝ›› ይላል። ‹‹መልካ ጀብዱ ገብቼ ከወንድሜ ጋር ማሽላዬን እጠብቃለሁ።›› እውነቱን ይሁን አይሁን ልፈትነው ብዬ አንድ ጠዋት በራችን ላይ ቆሜ አንድ እስር ጎመን ከፍ አድርጌ ያዝኩ። ‹‹ጋሼ፣ ምንድነው የያዝኩት?›› አልኩት ከመንገዱ ማዶ።

አንገቱን አስግጎ አየና ‹‹ጫት›› አለ።

እኔም በልቤ ‹ያዝኩህ!› አልኩ። የድሬዳዋ ሰው ዓይኑ ቢጠፋ ሁሉም ነገር ይምታታበታል፤ ጫትን ከጎመን ግን አይለይም ብሎ የሚያምን ሞኝ ማን ነው? እያወቀ ነው የሚያስመስለው ብዬ ደመደምኩ። ዓይኑ ደህና ከሆነ ታዲያ ለምን ይሸጣል? ዕዳ አለበት፤ መኪናውን አስይዞ ተበድሮበታል፤ እኛ ከገዛነው በኋላ አበዳሪው መጥቶ ከደጃችን ይጎትተዋል። ነገሩ ሁሉ እንደ ተተየበ ደብዳቤ ቁልጭ ብሎ ታየኝ።

በድሬዳዋ የመኪና ዕዳና እገዳ የሚመዘገብበት መሥሪያ ቤት ያኔ ከዚራ ሰፈር ነበር፣ ዛፎቹ ጥላ በጣሉበት መንገድ ላይ። በሩ ላይ ‹‹ማንኛውም ሰው አመልክቶ መዝገቡን ማየት ይችላል›› የሚል ማስታወቂያ ተለጥፏል። ማንኛውም ሰው ግን አይታይም ነበር። መዝገብ ቤት ውስጥ የነበረው አንድ ሠራተኛ ብቻ ነው፤ ቀይ እስክሪብቶ ጆሮው ላይ ሰክቶ በዓይኑ ከእግሬ እስከ ራሴ መዘነኝ።

‹‹ማየት ይቻላል›› አለ። ‹‹ግን ለምን ማየት ፈለግሽ?››

‹‹መኪና ልንገዛ ነው።››

‹‹ታዲያ መኪናውን አታዪም?››

‹‹መኪናውማ ዕዳ አለብኝ ብሎ አይናገርም።››

እስክሪብቶውን ከጆሮው አወረደ። ‹‹ማን ነው የላከሽ?››

‹‹እናቴ።››

እውነቴን ነበር። የገረመኝም እሱ ነው። እናቴ ሰው አማኝ ናት፤ ጨው ስትገዛ ሚዛኑን እንኳ አታይም። እኔ ስጠረጥር ‹‹ተይ ልጄ፣ ኃጢአት ነው›› የምትለዋ እሷ ነበረች። የታክሲው ነገር ሲመጣ ግን ‹‹እውነትሽን ነው፣ ፈትሺ፣ ደህና አድርገሽ ፈትሺ›› አለችኝ። ከስንት ዓመት በኋላ ልብ ገዛች ብዬ ኮራሁባት።

መዝገብ ቤቱ ከቀበሌ ደብዳቤ አምጪ አለ። ቀበሌው ደግሞ ማመልከቻ አምጪ አለ። ማመልከቻውን በመሥሪያ ቤቴ ታይፕ ጻፍኩ። የቀበሌው ጓድ ደጋግሞ አንብቦ ‹‹የሌላ ሰው ንብረት ላይ ይህን ያህል ፍላጎት ያሳደረብሽ ምንድነው?›› ብሎ ጠየቀኝ። ምን ልበለው? ‹‹ጥንቃቄ ነው ጓድ›› አልኩ። ጥንቃቄ የሚለው ቃል በዚያ ጊዜ የማይከፍተው በር አልነበረም፤ ፈረመልኝ።

እንደገና ከዚራ ሄድኩ። ሠራተኛው ትልቁን መዝገብ በሁለት እጁ ተሸክሞ አምጥቶ ጠረጴዛው ላይ ጣለው። ፊት ለፊቴ ተቀምጦም ጣቴን ይጠብቅ ጀመር። የተጻፈው በታርጋ ተራ አይደለም፤ መያዣው በመጣበት ቀን ተራ ስለሆነ አንዱን ታክሲ ለማግኘት ገጹን ሁሉ ማገላበጥ ግድ ነው። ለእኔ የተመቸ ሥራ! ቀበሌ ስብሰባ ላይ ስለ ቁጠባ የሚሰብኩን ሰውዬ የጭነት መኪናቸውን አስይዘዋል። ሰርግ ደግሶ ከተማውን ያስጨፈረው ነጋዴ አውቶቡሱ ታግዷል። ክፉ ነኝ፣ ደስ አለኝ። ሙቀቱ ደግሞ የጉድ ነው፤ ከግንባሬ ላብ ጠብ ብሎ ገጹ ላይ ሲያርፍ ሠራተኛው በመሐረቡ ጠረገና ‹‹እህቴ፣ መዝገቡን አታጥቢው›› አለኝ።

እስከ መጨረሻው ገጽ አየሁ። የሽማግሌው ታክሲ የለም። ሠራተኛው እሱም ተጠራጥሮ ነው መሰለኝ መልሶ አገላበጠው፤ የለም። ‹‹ከዕዳና ከእገዳ ነፃ መሆኑ ተረጋግጧል›› የሚል ወረቀት ጽፎ፣ ከግርጌው የዘመኑን መፈክር ጨምሮ፣ ማኅተሙን አሳርፎ ሰጠኝ።

ወረቀቱን እናቴ እግር ሥር አኖርኩት። ፊቷ ግን አልፈካም። አንስታ ወደ መስኮቱ አስጠጋችውና ‹‹ማኅተሙ ደብዝዟል›› አለች። ቆይታ ደግሞ ‹‹ሐረርስ? ሐረር አስይዞት ቢሆንስ?›› አለችኝ። ይህ ለእኔ ለምን አልመጣልኝም ብዬ በራሴ ተናደድኩ። ፈቃድ ጠይቄ በአውቶቡስ ሐረር ወጣሁ፤ እዚያም የለም። ስመለስ ‹‹የሞተሩ ቁጥርስ? ሞተሩ የሌላ መኪና ቢሆንስ?›› አለች። እንደገና ሄድኩ፤ የታክሲው ኮፈን ውስጥ ተደፍቼ ቁጥሩን ስገለብጥ ሽማግሌው አጠገቤ ቆሞ ‹‹አንቺ፣ መኪናዬን ልትገዢ ነው ወይስ እኔን ልታሳስሪ?›› ብሎ ጠየቀኝ። የሞተሩም ቁጥር ንጹሕ ሆነ።

ወንድሜ ትዕግሥቱ አለቀ። ሽማግሌውም ‹‹ለእሑድ ሽማግሌዎች ይቀመጡና እንዋዋል፤ እሑድ ካልሆነ ሌላ ገዢ አለኝ›› አለ። እናቴ ወርቁን ትሽጠው ሲባል ‹‹ወርቅ ከውል በፊት አይሸጥም፤ ውሉ ይፈረምና ሰኞ ወርቅ ሠሪ ጋ እወስደዋለሁ›› አለች። ያም የብልህ አነጋገር መሰለኝ።

ሐሙስ ወደ ማታ ግን ከሥራ ስመለስ በመጋላ ሰፈር በኩል አለፍኩና ያንን ታክሲ አየሁት። አንዲት የሐረሪ ባልቴት ግቢ፣ በአረንጓዴው የብረት በር፣ ቀስ ብሎ ሲገባ ነው ያየሁት። ሽማግሌው ወጣ፣ ቁልፉን በረንዳው ላይ ያለ ምስማር ላይ ሰቀለ፣ በእግሩ ወደ ቤቱ ሄደ። እዚያው ቆሜ ቀረሁ።

ለድሬዳዋ ሰው ይህን ማስረዳት አያስፈልግም፤ ለሌላው ግን ልናገር። በእኛ ከተማ ብር የቸገረው ባለመኪና ባንክ አይሄድም። ከሰፈሩ ባለገንዘብ ይበደራል። ወለድ የለም፣ ሐራም ነው። ወረቀትም የለም። መኪናው ቀን ለባለቤቱ ይሠራል፣ ማታ አበዳሪው ግቢ ያድራል፣ ቁልፉም እዚያው ይሰቀላል። ዕዳው ያለቀ ዕለት መኪናው ወደ ቤቱ ይመለሳል፤ ሰፈርተኛው ሁሉ አይቶ ‹‹እንኳን ደስ ያለህ›› ይላል። ባልቴቷ ደግሞ በዚህ የታወቁ ናቸው፤ ጨርቅ ነጋዴ ናቸው፣ የግማሽ ከተማው አደራ እሳቸው ጋ ነው። ስለዚህ መንግሥት በማኅተም ነፃ ያለውን መኪና የማደሪያው ግቢ ‹ተይዟል› አለኝ። የከዚራውን መዝገብ አገላብጬ የጨረስኩት እኔ፣ በየምሽቱ በየበሩ የሚከፈተውን ይኼኛውን መዝገብ ረስቼው ነበር። ‹ገንፎው ውስጥ ስንጥሯ ተገኘች› አልኩ።

ለወንድሜ አልነገርኩም፤ መጀመሪያ ላረጋግጥ። ለእናቴ ግን ነገርኳት። ፊቷ በራ። ‹‹ሂጂ ጠይቂ›› ልትል ጀመረችና ‹‹የማን ግቢ ነው ያልሽው?›› ብላ ጠየቀች። ስነግራት ነጠላዋን አስተካከለች። ከዚያ ‹‹እሳቸው ጋ አትሂጂ። መያዣ ከሆነ መያዣ ነው፤ በቃ፣ ይቅርብን›› አለች። እኔ ሳልጠይቅ የሚቀር ነገር እንዴት ሆዴ ውስጥ ያድራል? ቅዳሜ ከሰዓት፣ ሰው ሁሉ ከቀትር እንቅልፉ ሲነሳ፣ ሄድኩ።

ታክሲው ከኒም ዛፉ ሥር ቆሟል። ባልቴቷ በረንዳው ላይ ጣቃ ጨርቅ እየጠቀለሉ ነበር። እናቴ የሸዋ ሰው ስለሆነች አንቱታ አስተምራናለች፤ ‹‹እማማ፣ እርስዎን አንድ ነገር ልጠይቅዎ ብዬ›› ብዬ ጀመርኩ።

‹‹ምን እርስዎ እርስዎ ትያለሽ? ስንት ሆኜ ታየሁሽ? አንቺ በይኝ›› አሉ። ቀዝቃዛ ውሃ አስመጡልኝ።

‹‹ያ ታክሲ መያዣ ነው?›› አልኩ፣ አንቺንም እርስዎንም ትቼ።

ሳቁ። ‹‹የዚያ ሽማግሌ? ወላሂ ሳንቲም አላበደርኩትም። የእሱ መንገድ ጠባብ ነው፤ በቅርቡ ልጆች መስታወቱን ሰበሩበትና እኔ ጋ አሳድር አልኩት። እሱ ደግሞ ጁምዓ ጁምዓ መስጊድ ያደርሰኛል። ይኼው ነው።››

‹‹ዓይኑስ? እውነት አያይም?››

‹‹ዓይኑማ ሄዷል፣ ምስኪን። ባለፈው ጁምዓ መስጊዱን አልፎ ባቡር ጣቢያ ወሰደኝ።››

አፈርኩ፤ ግን ቀለለኝ። መኪናው ነፃ፣ ሰውዬው እውነተኛ፣ ወንድሜም ሰኞ ባለታክሲ ሊሆን ነው። ልነሳ ስል ባልቴቷ እጄን ያዙኝ።

‹‹እኔ ደግሞ ስትገቢ ለወርቁ የመጣሽ መስሎኝ ነበር›› አሉ።

‹‹የምን ወርቅ?››

‹‹የእናትሽ ነዋ። ታክሲ ልትገዙ ነው ሲባል ሰማሁ። በምን ትገዛለች፣ ወርቋ እኔ ጋ ነው፣ እንግዲህ ከሆነ ቦታ ብር አግኝታ ልታወጣው ትመጣለች ብዬ ስጠብቃት ነው የሰነበትኩት።›› ወደ ውስጥ ገብተው በመሐረብ የተቋጠረ ነገር ይዘው መጡ። መሐረቡን አወቅኩት፤ ዳሩን የጠለፍኩት እኔ ነኝ፣ በትምህርት ቤት የእጅ ሥራ ክፍል። አምባሮቹና ሐብሉ ውስጡ ናቸው። ‹‹አንቺን ለማስወጣት ያስያዘችው አይደል? ቀበሌ ታስረሽ ጊዜ። እዚሁ በረንዳ ላይ ነው ብሩን የሰጠኋት። ያንኑ ቀን ወስዳ ለቀበሌው ሰውዬ ሰጠችው፣ ያንኑ ምሽት ወጣሽ። አልሐምዱሊላህ አልኩ እኔም።›› ከዚያ ፊቴን አዩት። ‹‹አታውቂም እንዴ?››

‹‹አውቃለሁ›› አልኩ።

‹‹ወለድ የለውም በያት። አማና ነው፣ አደራ። ባላት ጊዜ ታወጣዋለች።››

ደቻቱን በእግሬ ተሻገርኩ። ወንዙ ደርቆ አሸዋው እግር ያቃጥላል፤ እኔ ግን አላፈጠንኩም። በዓይኔ የሚመጡብኝ እነዚያ ሁለት ልጆች ነበሩ። አንደኛዋ እናት የላትም ነበር። የሌላዋ እናት ገንደ ቆሬ ገበያ ቲማቲም ትሸጥ ነበር። በእነሱም ላይ ምንም አልተገኘም ነበር። በእኔና በእነሱ መካከል የነበረው ልዩነት ባልቴቷ ጋ ባለው መሐረብ ውስጥ ተቋጥሮ ነበር። ያን ሁሉ ዘመን ወረቀቴን ሳወጣ ሳስገባ ስኖር ከዚህ የባሰ የሚያስለቅስ ነገር አልገጠመኝም፤ መንገድ ላይ አለቀስኩ።

ቤት ስደርስ እናቴ ምስር እየለቀመች ነበር። ‹‹የት ነበርሽ?›› አላለችም። ‹‹እንዴት ሆነ?›› አለች።

‹‹መኪናው ነፃ ነው።››

‹‹ሌላ የምትጠይቂበት ቦታ የለም?››

‹‹የለም እማዬ። ባልቴቷ ጋ ነበርኩ።››

እጇ ምስሩ ላይ ቆመ። ተነሳችና ከአንገቷ ቁልፉን ፈታች፣ ሳጥኑን ከአልጋው ሥር ሳበች፣ ከፈተችው። ባዶ ነው። ሁላችንም ጎትተን ስንጠርግ፣ ስንገፋ፣ ‹‹ቀስ፣ ወርቁ!›› ስንባባልበት የኖርነው ሳጥን ውስጥ አንዲት ክር እንኳ የለም።

‹‹ነገ ሽማግሌዎቹ ሲቀመጡ ምን እንደምል አላውቅም ነበር›› አለች። ‹‹አንቺ እንከን ታገኚበታለሽ ብዬ ነው የጠበቅኩት። አንቺ እኮ ከምንም ነገር እንከን አታጪም። ቀኑ እየገፋ ሄዶ ሰውዬው ተሰላችቶ ለሌላ ይሸጠዋል አልኩ።››

‹‹ለምን አልነገርሽኝም?››

ጎንበስ ብላ የሳጥኑን ክዳን በእጇ ጠረገች። ‹‹ወረቀቷን ለመጣ ለሄደው ስታሳዪ ፊትሽን አየው ነበር። ምን ብዬ ላበላሽብሽ?››

ወንድሜ ያኔ ገባ። እጁን እንደ መሪ እያዞረ፣ በአፉ ጥሩምባ እየነፋ ነው የገባው። ክፍቱን ሳጥን አየ፣ እናታችንን አየ፣ ከዚያ ወደ እኔ ዞረ። ‹‹ምን አገኘሽበት ደግሞ ታክሲው ላይ?›› አለኝ፣ ሊቆጣ ተዘጋጅቶ።

‹‹ታክሲው ነፃ ነው›› አልኩት። ‹‹ዕዳ ያለብኝ እኔ ነኝ።››

ሁሉንም ነገርኩት። ቁጭ ብሎ ሰማኝ። ሲያልቅ ‹‹በለጥሽ፣ ከታክሲ ትበልጫለሽ›› አለ። ‹‹በትንሹ ነው ግን አቦ፣ እንዳትኩራሪ።›› ተነስቶ ለሽማግሌው ‹‹ለሌላው ገዢ ሽጥ›› ሊለው ወጣ፤ ከበሩ ሲወጣ እጁ ኪሱ ውስጥ ነበር። ታክሲውን የገዛው ሰው ምንም መዝገብ ሳያይ በአንድ ከሰዓት ተዋውሎ ገዛው፤ ወንድሜም ለእሱ ሾፌር ሆኖ ነዳው።

እናቴ ባዶውን ሳጥን መልሳ ቆለፈችው፤ ቁልፉንም አንገቷ ላይ አሰረች።